የማይቆም የካምፐር ውሃ ፓምፕ፦ ይጠገን ወይስ ይቀየር፣ ከተቀየረስ በየትኛው?

ቧንቧው ተዘግቶ ፓምፑ መጮኹን ካላቆመ፣ አዲስ ከመግዛት በፊት አንድ ጥያቄ ይቅደም፦ ይህን ፓምፕ የሚያቆመው ምንድን ነው? ለካምፐር (ማደሪያ ላለው መኪና) እና ለካራቫን (በመኪና ለሚጎተት ማደሪያ) የሚሸጡት ባለ 12 ቮልት ፓምፖች ዋና ልዩነታቸው እዚህ ላይ ነው። በደቂቃ የሚሰጠው የሊትር ቁጥር በካርቶኑ ላይ በትልቁ ስለሚጻፍ የገዢው ዓይን እርሱ ላይ ያርፋል፤ ኋላ ራስ ምታት የሚሆነው ግን ማቆሚያው ነው።

ዲያፍራም ፓምፕ፣ ማለትም ውሃውን በሚለጠጥ ስስ ሽፋን የሚገፋው፣ ከታንከሩ ውጭ ይቀመጣል፤ ውሃውን ራሱ ስቦ ያመጣል። ቧንቧው ሲዘጋ በመስመሩ ውስጥ ግፊት ይጨምርና በፓምፑ ራስ ላይ ያለው የግፊት ማጥፊያ ኤሌክትሪኩን ይቆርጠዋል። በሰፊው የሚታወቀው ሹርፍሎ 4008 ለምሳሌ በደቂቃ እስከ 11 ሊትር ገደማ ይሰጣል፤ የሚቆመውም ግፊቱ 55 ፒኤስአይ፣ በሌላው የግፊት መለኪያ 3.8 ባር አካባቢ ሲደርስ ነው። እዚያ ካልደረሰ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል።

ስለዚህ ጆሮ ይሰጠው። በየጥቂት ደቂቃው ለቅጽበት ተነሥቶ የሚቆም ከሆነ ግፊቱ ሞልቶ ነበር፣ ግን ሾልኳል ማለት ነው፤ የሚንጠባጠብ ቧንቧ፣ የመጸዳጃው ቫልቭ ወይም ውሃውን ወደ ታንከር የሚመልሰው የፓምፑ የራሱ ቫልቭ ሊሆን ይችላል። ያለማቋረጥ የሚሠራ ከሆነ ግን ወይ ግፊቱ ጭራሹን አልሞላም፣ ወይ ማጥፊያው ራሱ አልሠራም። ታንከሩ ባዶ ሊሆን ይችላል (አይሳቅ፣ መጀመሪያ የሚታየው እርሱ ነው)። አለበለዚያ በመሳቢያው ጎማ (ከታንከሩ ወደ ፓምፑ በሚመጣው) በኩል አየር ይገባ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የላላ ፋሼታ (የጎማ ማሰሪያ) ወይም በደንብ ያልገጠመ የፊልትሮ ክዳን ነው። ባትሪው ሲደክምም ሞተሩ ማቆሚያው ግፊት ላይ ለመድረስ አቅም ያጣል።

መለያው ቀላል ነው። የፓምፑን መውጫ በክዳን ይድፈኑትና ያስነሡት። ከቆመ ፓምፑ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ ከእርሱ ወዲያ ባለው መስመር ላይ ስለሆነ አዲስ ፓምፕ ምንም አይጠቅምም። ካልቆመ መውጫውን ከፍተው፣ በመግቢያው ላይ በተገጠመ አጭር ጎማ ከባልዲ ውሃ ያጠጡት፤ አየሩ ሲወጣ እንደገና ይድፈኑት። አሁን ከቆመ የመሳቢያው ጎማ ነው። አሁንም ከቀጠለ፣ ባትሪው ደኅና እስከሆነ ድረስ፣ ማጥፊያው ወይም የውስጥ ቫልቮቹ ናቸው። እነዚህ ለብዙ ሞዴሎች ለብቻቸው ስለሚሸጡ ሙሉ ፓምፕ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው። የማጥፊያውን ማስተካከያ ብሎን መንካት ካስፈለገም በሩብ ዙር ብቻ ይሁን።

ጠላቂው ፓምፕ ሌላ ዓይነት ፍጥረት ነው። ታንከሩ ውስጥ ይሰጥማል፤ የሚያስነሣውና የሚያቆመው በቧንቧው እጀታ ውስጥ ያለ ትንሽ ማብሪያ ነው። አልቆም ሲል ፓምፑን ማውጣት አያስፈልግም። የቧንቧዎቹን ሽቦዎች አንድ በአንድ ይንቀሉ፤ ሲነቀል ፓምፑን ጸጥ ያሰኘው ቧንቧ እርጥበት የገባበት ነው። ርካሽ፣ ቀላልና ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። ብዙ የማይወራለት ጥቅሙ ደግሞ ቧንቧው ሲዘጋ መስመሩ በግፊት አለመወጠሩ ነው፤ የላላ መገጣጠሚያ ታንከሩን ሌሊቱን አያፈስም። በአንጻሩ ግፊቱ ደካማ ስለሆነ ለሻወር አያስደስትም፤ ያለ ውሃም ሲሽከረከር ቶሎ ይቃጠላል። ዲያፍራሙ ለጥቂት ጊዜ ደረቁን ቢሠራ ይችላል።

ሦስተኛው ዓይነት ፓምፕ ፍጥነቱን በኤሌክትሮኒክስ እንደ ፍላጎቱ የሚቀያይረው ነው። ውሃው ሳይቆራረጥ እኩል ይወርዳል፤ ሁለት ቧንቧ ቢከፈትም ሻወሩ አይደነግጥም። ሲበላሽ ግን በመንገድ ላይ በካቻቢቴ የሚፈታ ነገር የለውም። ሻወር በየቀኑ ለሚጠቀም ቤተሰብ ካልሆነ አልመክረውም።

ዲያፍራም ለሚመርጥ፣ አየር ያለባት ትንሽ የግፊት ማጠራቀሚያ ብትጨመር የመነሣቱንና የመቆሙን ብዛት ትቀንሳለች። ሆኖም የሚያፈስ መስመርን አትፈውስም፤ ጥፋቱን ዘግይቶ እንዲታይ ብቻ ታደርጋለች።

የእኔ ምርጫ፣ አንድ የእጅ መታጠቢያ ብቻ ላላት ትንሽ መኪና ጠላቂው፣ ሻወርና የውሃ ማሞቂያ ላለው ዲያፍራሙ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው መዝለል ግን ፓምፕ ብቻ በመቀየር አያልቅም። ማብሪያ የሌለው ቧንቧ ጠላቂውን አያስነሣም፤ ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ ቧንቧና መገጣጠሚያ ደግሞ በዲያፍራሙ ግፊት ማፍሰስ ይጀምራል። ከመግዛት በፊት የቧንቧው እጀታ ሥር ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች መኖራቸውን ይመልከቱ፤ የጎማውን ውፍረትና የፊውዙን አምፔርም ጽፈው ይያዙ።