«ታሪካዊ ሆቴል፣ ፍል ውሃ በክፍልዎ» ለሚል ማስታወቂያ ብር እንዳትልኩ

ይህን የምጽፈው ገና ከመኪና ወርጄ ሳላርፍ ነው። ነጠላዬ እስካሁን ጭስ ጭስ ይሸታል። ሆቴሉ ያለው ጎጃም ውስጥ፣ ድሮ በፍል ውሃዋ ሰው ይጎርፍባት የነበረች ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ስም አልጠራም። ስም ጠርቼ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት የምንከራተትበት አቅም የለኝም።

ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። ጣሊያን የሠራው ቤት ነው። ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በረንዳው ሰፊ። መግቢያው ላይ የጃንሆይ ፎቶ ተሰቅሏል። ቲክቶክ ላይ ማሲንቆ እያስመቱ ከገንዳ እንፋሎት ሲነሳ ያሳያሉ። ስትደውሉ «አንድ ክፍል ብቻ ነው የቀረን» ይላሉ። መቼም የሚቀራቸው አንድ ክፍል ነው።

የደወልኩት ለእናቴ ብዬ ነው። ጉልበቷ ከክረምቱ ወዲህ እንቅልፍ ነስቷታል። ለቁርጥማት ፍል ውሃን የሚያህል የለም ብላ ታምናለች። በደህናው ጊዜ ዋንዛዬ ትሄድ ነበር፤ ከባህር ዳር ወዲያ፣ ደራ ውስጥ ያለው። ስንቋን ይዛ፣ ከሰፈር ሴቶች ጋር። አሁን ግን መሬት ላይ አንጥፎ ማደሩን አትችለውም። አልጋውም ውሃውም አንድ ክፍል ውስጥ ነው ሲሉኝ ለሷ የተሠራ መሰለኝ።

ስልኩን ያነሳው ልጅ ቅቤ አንጓች ነው። «እርስዎ» እያለ ነው የሚያወራኝ። «እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባን የወደዷት ለፍል ውሃው ብለው አይደል እንዴ? የኛም ከዚያ አያንስም» አለኝ። ተራው ክፍል አዳሩ 1,100 ብር ነው። ታሪካዊው ክፍል 3,200። ልዩነቱ ምንድነው ብዬ ጠየቅሁ። «ውሃው ነዋ! ከምንጩ በቧንቧ ቀጥታ ገንዳዎት ውስጥ ይገባል። ለእናትዎ በሁለት ቀን ለውጥ ያያሉ።» ቀብድ ልላክ ስለው ሙሉውን ካልላኩ ክፍሉ አይያዝም አለ። የሁለቱን ሌሊት 6,400 ብር በቴሌብር ላክሁ። የተቀባዩ ስም የሆቴሉ ሳይሆን የሰው ስም ነበር።

መንገድ ተከፍቷል ሲባል ከማርቆስ በአባዱላ ተነሳን። ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምን አልፈን ስንደርስ ቀኑ ወደ 10 ሰዓት ተጠግቷል። እናቴ መንገዱን ሁሉ ጉልበቷን በነጠላ ጠቅልላ ነው የመጣችው። አላማረረችም። ይልቅ ለሾፌሩ ስለ ዋንዛዬ ታወራለች።

እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ልጅ አንድ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል። ስልኩን ነው የሚያየው። እናቴ ጎንበስ ብላ «እንደምን ዋላችሁ» አለች። ቀና አላለም። «መታወቂያ» አለኝ፤ ሰጠሁት። ድምፁን ለየሁት፤ ያው በስልክ «እርስዎ» ሲለኝ የነበረው ነው። እዚህ «አንቺ» ሆኛለሁ። እሱስ ምንም አይደለም፣ ታናሹ አልሆንም እንጂ አልሞትበትም። ቀጥሎ ግን ወደ እናቴ ዞሮ «አንቺ እማማ፣ እዛ ወንበር ላይ ቁጭ በይ፣ መንገድ ዘግተሻል» አላት። የሰባ ምናምን ዓመት ሴት። እናቴ ቁጭ አለች።

ቁልፍ እስኪመጣ ፎቶውን አየሁት። ከሥሩ በወረቀት «ግርማዊነታቸው በ1928 ዓ.ም. ያረፉበት ታሪካዊ ሆቴል» ተብሎ ተጽፏል። በ1928 ሚያዝያ 24 ጃንሆይ ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ጎጃም አልመጡም። ጎጃም የገቡት በ1933 ነው፤ ጥር 12 ቀን ከሱዳን በኦሜድላ ገብተው፣ በቡሬ በኩል አድርገው፣ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ደረሱ። ይህን እኛ ቤት ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ልጁን «ዓመቱ ተሳስቷል» አልኩት። «እንግዳው ያምናል» አለኝ። ሳይስቅ ነው ያለኝ።

እዚያው ዞሬ መውጣት ነበረ። ብሩ ግን ተልኳል፣ እናቴም ደክማለች።

ክፍሉ፣ እውነት ለመናገር፣ ቆንጆ ነው። የእንጨት ወለል፣ ትልቅ መስኮት። አንሶላው ላይ የሲጋራ ቀዳዳ አለ፣ እሱን አልፈዋለሁ። መታጠቢያው ውስጥ ሰፊ የድንጋይ ገንዳ አለ። ሁለት ቧንቧ። አንዱ ላይ «ፍል ውሃ» የሚል ቆርቆሮ ተለጥፏል። ከፈትኩት። ነፋስ ተፋ። ወርጄ ስጠይቅ «ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ነው የሚለቀቀው» አለኝ። ምንጭ ሰዓት ይቆጥራል እንዴ? ስለው ትከሻውን ነቀነቀ።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን ቧንቧው ማጉረምረም ጀመረ። ውሃው መጣ። ሞቅ ያለ ነው። እናቴ በስመ አብ ብላ አማተበች። ደግፌ ገንዳው ውስጥ አስገባኋት። ጉልበቷን ዘርግታ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ደስ ብሎኝ ጀርባዋን እያሸሁላት ነው።

ትንሽ ቆይታ ዓይኗን ገለጠች። «ልጄ፣ ይሄ ውሃ ጭስ ጭስ ይላል» አለች።

አሸተትኩት። የባህር ዛፍ ጭስ ነው። ውሃውን በእጄ ስዘግነው ጥቁር ነገር ተንሳፎ መጣ። ጥላሸት። ቀጥሎ አንድ ጫፉ የተቃጠለ የባህር ዛፍ ቅጠል ከቧንቧው ወጥቶ እናቴ ጉልበት ላይ አረፈ። አነሳችውና አየችው። ምንም አላለችም። ፎጣ ሰጥቻት በጓሮ በር ወጣሁ።

ከመታጠቢያው ግድግዳ ጀርባ ሦስት ጉልቻ ላይ እንደ ጠላ ጋን የጠቆረ በርሜል ተጥዷል። ከሥሩ እንጨት ይነዳል። አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ መሰላል ላይ ቆሞ የፈላውን በጀሪካን እየቀዳ ከላይ ያለ ሮቶ ውስጥ ይገለብጣል። ከሮቶው አንድ ጎማ ወርዶ ግድግዳው ውስጥ ይገባል። የኛ ግድግዳ። ልጁ ሲያየኝ ደነገጠ። እጁ ተልጧል።

«ምንጩስ?» አልኩት።

«የቱ ምንጭ እትዬ?»

«የፍል ውሃው።»

«እሱማ ድሮ ነው። ቧንቧውን ጎርፍ ወስዶታል፣ አፉንም ደለል ሞልቶታል ይላሉ። እኔ ስቀጠርም አልነበረም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እባክዎ እሱ ነገረኝ እንዳይሉ» አለኝ።

አላልኩም። እዚህም ይህን ያህል የጻፍኩት መልኩንም ስሙንም ስላላስቀመጥኩ ነው። በዚያ ግቢ ውስጥ «እርስዎ» ያለኝ፣ የጠየቅሁትንም በእውነት የመለሰልኝ እሱ ብቻ ነው።

ወደ መቀበያው ተመለስኩ። እናቴም ልብሷን ለብሳ፣ ፀጉሯ እንደረጠበ፣ ግድግዳ እየተደገፈች ተከትላኝ መጥታለች። እኔ አላየኋትም ነበር። ቅጠሉን መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት።

«ይሄ ምንድነው?»

«ቅጠል።»

«ከፍል ውሃችሁ የወጣ ነው። ከጓሮ በርሜል እየፈላ ነው የሚመጣው።»

ማዳመጫውን ነቀለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየኝ። «ውሃው ሞቋል አልሞቀም?»

«ሞቋል፣ ግን…»

«ታዲያ?»

3,200 ብር የከፈልኩት ለምንጭ ውሃ ነው አልኩ። ለሞቀ ውሃማ ቤቴ ምድጃ አለኝ። ልዩነቱን፣ የሁለቱን ሌሊት 4,200 ብር መልሱልኝ አልኩ። «የተላከ ብር አይመለስም፣ የሆቴሉ ደንብ ነው» አለ። ደንቡን አሳየኝ አልኩት። የለም። ደረሰኝ ስጠኝ አልኩት። «ማሽኑ ተበላሽቷል።» ማሽኑ ከጎኑ አረንጓዴ መብራት እያበራ ተቀምጧል። ከደብተር ቀዶ በእስክሪብቶ «የፍል ውሃ አገልግሎት፣ ተከፍሏል» ብሎ ጻፈልኝ። ማህተም የለ፣ ቲን ቁጥር የለ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል ብዬ ልነግረው ሞከርኩ። ሳቀ። «አዋጁን አዲስ አበባ ሄደሽ አውሪ» አለኝ።

ከዚያ ነው ያንን ያለው። ድምፁን እንኳ አልቀነሰም።

«ምን ያናድድሻል? እናትሽ በዚህ ዕድሜዋ ልዩነቱን ታውቀዋለች እንዴ? ፍል ውሃ ነው በያትና ትድናለች።»

ዞር ስል እናቴ ኋላዬ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። ሥራ አስኪያጅ ነኝ የሚል ሰውዬም በዚያው ሰዓት ከቡና ቤቱ በኩል ብቅ ብሎ ነበር። ሰምቷል። ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ አየን፣ አለፈ።

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ» አለችው። ረጋ ብላ ነው። የጎጃም ሴት ይህን በዚያ ድምፅ ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ለምታውቁ አልነግራችሁም። ልጁ አላወቀም፤ «አሜን» አለ።

ሌሊቱን እዚያው አደርን፤ በዚያ ሰዓት ከከተማዋ የሚወጣ መኪና የለም። እናቴ አልጋ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ስታሽ ነው ያነጋችው። እኔ ስገላበጥ ነው ያደርኩት። ጠዋት የቀረበልን ፍርፍር ቀዝቃዛ ነበር፣ ለሻዩም ለብቻው አስከፈሉን። ሁለተኛውን ሌሊት ሳናድር ወጣን። የሱን ብር መልሱ ስንል ሥራ አስኪያጁ «ክፍሉን ይዘንላችሁ ነበር» አለ። እኛ ስንወጣ ሻንጣ የያዙ ባልና ሚስት ያንኑ ቁልፍ ተቀበሉ። ሴትዮዋ ነፍሰ ጡር ናት። በሩ ላይ ይዤ «ውሃው የበርሜል ነው» አልኳት። ባልየው የሌላ ሆቴል ቀናተኛ ደላላ መሰልኩት መሰለኝ፣ እጇን ይዞ አስገባት።

ከማርቆስ ሆኜ ደጋግሜ ደወልኩ። ቁጥሬን ዘግቶታል። በእህቴ ስልክ ስደውል ወዲያው አነሳ። «ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ልታዘዝዎ» አለ። ፍል ውሃ አላችሁ ወይ አልኩት። «አለን እንጂ፣ ከምንጩ በቀጥታ። ግን አንድ ክፍል ብቻ ነው የቀረን።»

እንግዲህ የምመክረው ብዙ የለኝም። ሳታዩ አትክፈሉ። ተቀባዩ የሰው ስም ከሆነ አትላኩ። የማሽን ደረሰኝ ከሌለ ያንን ሰዓት ዙሩና ውጡ። ክፍል ከመያዛችሁ በፊት በጓሮ በኩል አንዴ ዙሩ፣ በርሜል መደበቅ ከባድ ነው። እናትና አባቶቻችሁን ለፍል ውሃ የምትወስዱ ከሆነ ደግሞ ዋንዛዬ ሂዱ፤ ፍራሽና ብርድ ልብስ ከቤት ያዙ።