ዳንቴል የለበሰው ቴፕ፦ ሻርፕ 777 ወይስ ባለ አንድ ካሴት ናሽናል?

ሰሞኑን የአንድ የድሮ ድራማ ቁራጭ በየስልኩ ይዞራል። የደሴ ጓደኞቼ ተዋናዮቹን ትተው ቡፌው ላይ ያለው ቴፕ ላይ አፍጥጠዋል። "ምን የሚሉት ነው? ስንት ያወጣል?" ለእያንዳንዱ መመለስ ስለሰለቸኝ ነው የምጽፈው።

ስሙን አትፈልጉ፣ ዳንቴሉ ሸፍኖታል። ስፒከር ቁጠሩ። ሻርፕ ጂኤፍ 777 ስድስት ስፒከርና ሁለት የካሴት በር አለው። ድራማው ላይ ያለው ሁለት ስፒከርና አንድ በር ነው፤ ከነናሽናል ወገን ይመስላል። ናሽናልና ፓናሶኒክ ደግሞ የአንድ ኩባንያ የንግድ ስሞች ናቸው። ሻጩ በስሙ ሰበብ ብር ሊጨምር ሲል ሳቅ ብላችሁ እለፉት።

ከሁለቱ ግዙ የምለው ባለ አንድ ካሴቱን ነው። ሰኞ ገበያ 4,500 ብር ገዛሁት፣ ማሠሪያ 600 ጨመርኩ። ለ777 ፒያሳ 38,000 ነው የተጠየቅኩት! ካሴት ማባዛት እንደሆነ ድሮ ቀርቷል፤ ሁለተኛው በር ምን ይሠራል? መብራት ሲጠፋ ደግሞ 777 አሥር ትልልቅ ባትሪ ይፈልጋል። ሱቅ ሄዳችሁ ዋጋውን ጠይቁ፣ ከዚያ እናወራለን።

እኔም ተሸውጃለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት "ኦሪጅናል 777" ተብዬ 9,000 ከፈልኩ። ሠሪው ጋ ወሰድኩት። ጋሼ ፈትተው አዩና ዝም አሉ።

"ምነው ጋሼ?"

"ልጄ፣ ስፒከሩ ሁለት ብቻ ነው። አራቱ ወንፊት ነው።"

ከታች ደግሞ ክብደት እንዲሰጥ የተጣበቀ የሲሚንቶ ቁራጭ ወጣ። ስሙም ስቲከር ነበር፣ በጥፍር ተላጠ።

እውነተኛውም 777 ቢሆን ሲያረጅ ውስጡ ካሴቱን የሚያዞረው ላስቲክ እንደ ሬንጅ ይቀልጣል። ባለ ሁለት ካሴት ሲሆን የሚቀየረው ላስቲክም በዚያው ልክ ይበዛል። ደሴ ልኩ ካልተገኘ ኮምቦልቻ፣ ካልሆነም አዲስ አበባ ማስላክ ነው። ብሉቱዝ ያለውን አዲሱን "የድሮ" ቴፕ አትጠይቁኝ፤ ለብሉቱዝ ስልካችሁ ይበቃል።

ስትገዙ የራሳችሁን ካሴት ይዛችሁ ሂዱ። ድቤ የበዛበት አይሁን፣ ምቱ ጉዱን ይሸፍነዋል። በማሲንቆ ብቻ የተዘፈነ አምባሰል ይሻላል። ድምፁ ረዘም ሲል ከተንቀጠቀጠ ላስቲኩ ወይ ክሩን የምትጎትተው ጎማ አልቋል፤ ከዋጋው 1,000 አስቀንሱ። ብቻ የምትሳሱለትን ካሴት እንዳትወስዱ። እኔ የአባቴን መንዙማ ሰጥቼ አስበላሁት። ያን ሁሉ ክር በእስክሪብቶ ስጠቀልል አመሸሁ፣ መሐሉ ላይ አሁንም ይቆራረጣል።

ዳንቴሉንም ጠይቄ ነበር። 800 አሉኝ። እናቴ ሳጥን ውስጥ ሁለት አላት፣ አንዱን እየለመንኳት ነው።