የአባባን እጅ ከአዲሱ ፍሬን ጋር ላስማማልን ወንድማችን

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ጽሑፍ ከሁለት ሳምንት በፊት ልጽፈው አስቤ ነበር፤ ግን አባባ መኪናዋን ብቻቸውን ይዘው ወጥተው በሰላም ሲመለሱ ማየት ስለፈለግሁ ጠበቅሁ። ትናንት ወጡ፣ ተመለሱ። ስለዚህ ዛሬ የመኪናችንን የእጅ ፍሬን ለጠገነልን ባለሙያ የሚገባውን ምስጋና ላቅርብ። በዚያውም አዲስ መኪና ገዝታችሁ የእጅ ፍሬኑ ያስቸገራችሁ፣ ይልቁንም አባት እናቶቻችሁ ያንን መኪና የሚነዱላችሁ ሰዎች ብታነቡት ትጠቀማላችሁ ብዬ አምናለሁ።

አባባ ሹፌር ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ እኛ ቤት ግን «ሹፌር ነበሩ» ተብሎ አይነገርም። በወጣትነታቸው በኤንትሬ የጭነት መኪና አዲስ አበባና አሰብ ሲመላለሱ ኖረዋል። የጣርማ በርን ቁልቁለት ጉም ለብሶ ሙሉ ጭነት ይዘው ሲወርዱ፣ መኪናው ገና ሳይቆም ረዳታቸው ታኮ (ጎማ ሥር የሚደረገውን እንጨት) ይዞ ዘሎ ሲወርድ፣ እያወሩልን ነው ያደግነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት የያዙት ዲኤክስ ኮሮላ ነበር። የኮሮላዋን የእጅ ፍሬን ሲስቡ ጥርሱን ይቆጥሩታል። ጠጠጥ፣ ጠጠጥ፣ ጠጠጥ። ሜዳ ላይ ሦስት፣ ሽሮ ሜዳ የቤታችን ዳገት ላይ አምስት። ስድስት ካለ «ገመዱ ላልቷል» ይሉና በማግሥቱ ጠዋት ጋራዥ ናቸው። ፍሬን ለእሳቸው በእጅ የሚለካ፣ በጆሮ የሚሰማ ነገር ነው።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ እንደ ብዙው ሰው እኛም ፊታችንን ወደ ኤሌክትሪክ አዞርን። ባለፈው ዓመት ኮሮላዋን ሸጠን ከቻይና የመጣች ያገለገለች መኪና ገዛን። ጥሩ መኪና ናት፣ አላማርርባትም። ብቻ የእጅ ፍሬኗ በጣት የምትሳብ ትንሽ ቁልፍ ናት። በስክሪኑ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ ደግሞ ከሞላ ጎደል ቻይንኛ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። አባባ በራችን ላይ አቆሙና ቀኝ እጃቸው ሳያስቡት ወደ ወንበሩ ጎን ወረደ። እዚያ ያለው የውኃ ጠርሙስ ማስቀመጫው ነው። እጃቸው ጠርሙሱን ያዘ፣ ለቀቀው፣ ጉልበታቸው ላይ ተመለሰ። ቁልፏን አሳየኋቸው፣ ሳቧት። ከኋላ በኩል «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ቀዩ መብራት በራ፣ አለቀ። «ያዘች?» አሉኝ። «አዎ፣ ይዛለች።» «በምን አወቅሽ?» መልስ አልነበረኝም። መብራቱን ነው የማውቀው። ወርደው ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ አደረጉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁልፏን ስበው፣ መብራቱን አይተው፣ ድንጋይ ሳያደርጉ ከመኪናዋ ርቀው አያውቁም። ጥቂት ሳምንት እንዲህ ሆነና መንዳቱን እየተዉት መጡ። እሑድ እሑድ እማማን ቁስቋም ማርያም የሚያደርሷት እሳቸው ነበሩ። የእማማ ጉልበት ያንን ዳገት አይችልም። «ራይድ ጥሩላት» ማለት ጀመሩ። ቤት ውስጥ ማንም ምንም አላለም፤ ግን ሁላችንም ከብዶን ነበር።

በዚህ መሀል የኋላ ፍሬኑ ማፏጨት ጀመረ። ሸራው አልቋል ተባለና አንድ ጋራዥ ወስጄ አስቀየርሁ። የጋራዡን ስም አልጠቅስም፤ ልጆቹ የተቻላቸውን ሠርተዋል። ነገር ግን እንደ ድሮው መኪና ፒስተኑን በሞርሳ ጨምቀው ነው ወደ ውስጥ የመለሱት። መኪናዋን ስረከብ ቢጫ መብራት በርቷል፣ ቁልፏን ስስብ ከግራ ጎማ ብቻ ነው ድምፅ የሚመጣው። ሌላ ትልቅ ቦታ ስወስዳት ሁለቱም ካሊፐር (ፒስተኑን የያዘው፣ ሸራውን ከዲስኩ ጋር የሚያጣብቀው ክፍል) ሙሉ ለሙሉ መቀየር አለበት፣ ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ ሁለት ወር ትጠብቂያለሽ አሉኝ። የተጠራልኝን ብር እዚህ መጻፍ አልፈልግም፤ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ወደዚህ ወንድማችን የመራኝ ጎረቤቴ ነው፤ እሱም በኤሌክትሪክ መኪና ታክሲ ይሠራል። የወንድማችን ሥራ ሳሪስ አካባቢ ነው፤ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነው። በር ላይ የተለጠፈ ትልቅ ጽሑፍ የለውም። ስሙን እንዳልጽፍ ስለጠየቀኝ አክብሬለታለሁ።

አባባ አብረውኝ መጥተው ነበር። ባለሙያው ልጅ መፍቻም ኮምፒውተርም ከማንሳቱ በፊት እኔን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ «ስልሽ ሳቢ፣ ስልሽ ልቀቂ» አለኝና ከኋላ ጎማ አጠገብ ቁጢጥ አለ። መጀመሪያ በግራ፣ ከዚያ በቀኝ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ነው የሚያዳምጠው። አባባ ይህን ሲያዩ ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። በጆሮው የሚሠራ ባለሙያ ካዩ ቆይተዋል። ከዚያ በኋላ ነው ኮምፒውተሩን ሰክቶ ያነበበው፤ ኮምፒውተሩም ቀኙ ነው አለ። ጎማውን ፈታና ከካሊፐሩ ጀርባ የተገጠመችውን ትንሽ ሞተር ነቀላት። በብሎን የታሰረች፣ ከእጅ መዳፍ የማትበልጥ ናት። ከፍቶ አሳየን፤ ውስጧ ካሉት የፕላስቲክ ጥርሶች ሦስቱ ተሸርፈዋል። «ካሊፐሩ ጤነኛ ነው፣ ይህችን ብቻ ነው የምንቀይረው» አለ። ያገለገለች ሞተር ከሶማሌ ተራ በሦስት ቀን አገኘልኝ። ጠቅላላ የከፈልሁት ቀድሞ ከተጠየቅሁት ሩቡን አይሞላም። አሮጌዋን በላስቲክ ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ እስካሁን ቤት አለች።

ነገሩ የሚሠራበትን መንገድ ያስረዳኝ እንዲህ ነው። ሞተሯ በጥርስ አማካይነት አንድ ብሎን ታሽከረክራለች፣ ብሎኑ ፒስተኑን ገፍቶ ሸራውን ከዲስኩ ጋር ያጣብቀዋል። አንዴ ከጠበቀ በኋላ ኤሌክትሪክ ባይኖርም ይዞ ይቆያል፣ ምክንያቱም ብሎን በራሱ ወደ ኋላ አይፈታም። ሸራ ሲቀየር ታዲያ መጀመሪያ መኪናዋን በኮምፒውተር፣ በአንዳንዶቹም በስክሪኑ በኩል ወደ ጥገና ሁኔታ አስገብቶ ብሎኑን ወደ ኋላ ማስመለስ ያስፈልጋል። ያ ሳይደረግ ፒስተኑ በሞርሳ ከተጨመቀ የሚሰበረው ጥርሱ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የእጅ ፍሬን ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቢኤምደብሊው 7 ሲሪስና በሌሎች ውድ መኪኖች ላይ የነበረ ነው፤ በእኛ ሠፈር የበዛው ግን አሁን ስለሆነ ብዙ ጥሩ መካኒክ ገና እጁ አልገባም። ስለዚህ እባካችሁ፣ የትም ብታስቀይሩ፣ ጎማው ከመፈታቱ በፊት «ጥገና ሁኔታ ውስጥ አስገብታችኋታል?» ብላችሁ ጠይቁ።

እስካሁን የጻፍሁት ጥገናውን ነው። ለዚህ ብቻ ቢሆን ሒሳቤን ከፍዬ፣ አመስግኜ እሄድ ነበር።

መኪናዋን ልንረከብ ስንሄድ አባባ ከቤት ይዘውት የመጡትን ታኮ በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ከኤንትሬው ዘመን የቀረ፣ ጠርዙ የተበላ እንጨት ነው። ልጁ አየው። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። እሱ ቀረብ አለና «አባቴ፣ ይህ የት የሠራ ነው?» አላቸው። «አሰብ መንገድ» አሉት። ተቀብሎ አገላብጦ አየውና መለሰላቸው። «አይጣሉት፤ ክሪክ ሲያስገቡ ያስፈልግዎታል። ግን ይህችን መኪና ለማመን መጀመሪያ ሊነኳት ይገባል። ይምጡ እስቲ።»

ከኋላ ጎማ አጠገብ በርጩማ አምጥቶ አስቀመጣቸው። ቀኝ እጃቸውን ይዞ መዳፋቸውን ቸርኬው ላይ አደረገው። «አሁን ልጅዎ ትስባለች፤ እርስዎ ዝም ብለው ያዳምጡ፣ በእጅዎ።» ሳብሁ። አባባ ምንም አላሉም። «ልቀቂ።» ለቀቅሁ። «ሳቢ።» አራት ጊዜ ያህል ደጋገምን። በአራተኛው ላይ አባባ ራሳቸው ተናገሩ፦ «መጀመሪያ ቀለል ብላ ትሄዳለች፣ መጨረሻ ላይ ድምፅዋ ይወፍራል። የወፈረ ጊዜ ነው የያዘችው።» ልጁ «እሱ ነው ጥርሱ፣ አባቴ! የወፈረው ድምፅ አምስተኛው ጥርስ ማለት ነው» አላቸው። አባባ ስቀው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። እኔ እንባዬ መጣ፤ ለምን እንደሆነ እናንተም ይገባችኋል።

ከዚያ በኋላ ግቢው ውስጥ፣ ቀጥሎም ሰው በሌለበት መንገድ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ይዟቸው ቆየ። ከሁሉ አስቀድሞ ያስለቀቃቸው ቁልፏን ወደ ታች የመጫን ልማድ ነው። ወደ ላይ መሳብ ማሰር ነው፣ ወደ ታች መጫን መፍታት ነው፤ ለመፍታት ደግሞ እግር ፍሬን ላይ መሆን አለበት። አባባ በድንጋጤ ሰዓት የሚጫኑት ወደ ታች ነበር። ዳገት ላይ ለመነሳት እንደ ድሮው ፍሪሲዮንና የእጅ ፍሬን ማመጣጠን አያስፈልግም፤ ቀበቶ ታስሮ፣ በር ተዘግቶ፣ ማርሽ ገብቶ ነዳጅ መስጫው ቀስ ተብሎ ሲረገጥ እሷ ራሷ ትለቃለች። (ነዳጅ የላትም እንጂ ፔዳሉን እንደዚያው ነው የምንጠራው።) ቀበቶ ካልታሰረ ግን በራሷ አትለቅም፤ ብዙ ሰው «ተበላሸች» ብሎ ወደ እሱ የሚመጣው በዚህ ምክንያት እንደሆነ ነገረን።

አውቶ ሆልድ የሚባለውን ለብቻው አስረዳቸው። ትራፊክ መብራት ላይ እግር ከፍሬን ሲነሳ መኪናዋን ይዞ የሚያቆያት እሱ ነው፤ የሚይዘውም በፍሬን ዘይት ግፊት ነው፣ በትንሿ የእጅ ፍሬን ሞተር አይደለም። ስለዚህ ለአፍታ መቆሚያ ነው፤ ከመኪና ሲወረድ ግን ፒ (የማቆሚያው ማርሽ) ተጭኖ፣ የእጅ ፍሬኑ ተስቦ፣ ቀዩ መብራት ታይቶ ነው። እኔም ሁለቱን አንድ አድርጌ ስነዳ ነው የከረምሁት።

አባባ ከሁሉ በላይ ያስጨነቃቸውን ጥያቄ የጠየቁት ከዚያ በኋላ ነው፦ «ቁልቁለት ላይ የእግር ፍሬን እምቢ ቢለኝስ? በኮሮላዋ ቀስ እያልሁ በእጅ እስባለሁ። በዚች ምን ልስብ?» ልጁ ባዶው መንገድ ላይ በሃያ ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየነዱ ቁልፏን ስበው እንዲይዙ አደረጋቸው። መኪናዋ እየጮኸች፣ ሳትወናጨፍ፣ ቀጥ ብላ ቆመች። ቁልፏ እስከተያዘች ድረስ ትይዛለች፣ ሲለቋት ትለቃለች። «ለጭንቅ ቀን ብቻ ነው፤ ግን እንዳለ ይወቁት» አላቸው። ሦስት ጊዜ አስደገማቸው። ከመኪናው ሲወርዱ የአባባ ትከሻ ቀና ብሎ ነበር።

ባትሪንም ነገረን። ኤሌክትሪክ መኪና ከትልቁ ባትሪ ሌላ 12 ቮልት የሆነች ትንሽ ባትሪ አላት፤ እሷ ከሞተች የእጅ ፍሬኑ ቁልፍ አትሠራም፣ ፍሬኑም እንደተሳበ ይቀራል። ያኔ ገፍቶ ማስነሳት፣ በገመድ መጎተት የለም፤ ከሌላ መኪና ባትሪ በኬብል አስነስቶ መፍታት ነው፤ ካልሆነም በመጫኛ መኪና ማንሳት። ትንሿ ባትሪ የት እንዳለች ኮፈኑን ከፍቶ አሳየን፣ በየትኛው ጫፍ እንደሚጀመር አባባን ራሳቸውን አስነገራቸው።

ለዚህ ሁሉ ትምህርት ስንት ልክፈል ብዬ ስጠይቀው «አባቴን አስተምሬ አላውቅም ነበር፣ ዛሬ አስተማርሁ» ብሎ ብሩን መለሰልኝ። የከፈልሁት የጥገናውን ብቻ ነው።

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እጅህ ይባረክ። ለአባባ ያሳየኸውን ትዕግሥት ልጆችህ ላንተ ያሳዩህ።

እሱ ጋ የምትሄዱ ካላችሁ ይህን እወቁ። ሥራው ይበዛበታል፣ መኪና ሥር ከገባ ስልክ አያነሳም፤ ቀድማችሁ በጽሑፍ መልእክት ቀጠሮ ያዙ። በተባለው ሰዓት ያላለቀበት ጊዜ አለ፤ እኔንም አንድ ቀን አስቆይቶኛል፣ ነገር ግን ደውሎ አሳውቆኛል። ቀለምና ቦዲ አይሠራም። ሁለቱንም የመኪና መክፈቻ ቁልፍ ይዛችሁ ሂዱ። መኪናዋን የሚነዱት አባታችሁ ወይም እናታችሁ ከሆኑ እነሱንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ጠዋት ከሄዳችሁ ጊዜ ወስዶ ያስረዳቸዋል። ስልኩን ፈቃዱን ጠይቄ ስለሆነ የምሰጠው፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

አባባ ትናንት ከቁስቋም ሲመለሱ በር ልከፍትላቸው ወጣሁ። ዳገቱ ላይ አቆሙ፣ ቁልፏን ሳቡ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ጆሯቸውን ወደ ኋላ ሰጡ። «ያዘች» አሉና ወረዱ። ታኮው ኮፈን ውስጥ ነው፤ አላወጡትም።