አያቶቼን ጀርመን ለማድረስ ለረዳችን የጅማ እኅት ምስጋና

ባለፈው ሐምሌ ሁለቱን አያቶቼን ይዤ ከጅማ ፍራንክፈርት ተጉዤ፣ አጎቴ ቤት ስድስት ሳምንት ቆይተን፣ በትንሹ ልጁ ክርስትና ላይ ተገኝተን በሰላም ተመልሰናል። ጉዞው እንዲሳካ ከቤተሰብ ቀጥሎ የማመሰግነው በጅማ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር፣ ከአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የጽሕፈት፣ የትርጉምና የቪዛ ማመልከቻ የመሙላት ሥራ የምትሠራ አንዲት እኅትን ነው። ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ ትቼዋለሁ።

ወደ እሷ የሄድነው ሌላ ቦታ ከተሳሳትን በኋላ ነበር። መጀመሪያ ያስተረጎምንበት ቢሮ የወንድ አያቴን የልደት የምስክር ወረቀት በግማሽ ሰዓት ጨርሶ ሰጥቶን ነበር፤ እኔም በፍጥነቱ ተደስቼ ነበር። እሷ ግን ወረቀቱን ከፓስፖርቱ ጎን ዘርግታ ዝም ብላ ካየች በኋላ፣ ያላትን አንድ ወንበር ለአያቴ ለቅቃ ራሷ በርጩማ ላይ ተቀመጠችና «አባባ፣ የተወለዱት መቼ ነው?» አለቻቸው። እሳቸውም «በኅዳር ሚካኤል ነዋ! ጣሊያን ሰኔ ላይ ከጅማ ወጣ፣ እኔ ኅዳር ላይ መጣሁ» አሏት። ይህ ማለት ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ደግሞ ኖቬምበር 21 ቀን 1941። ያኛው ቢሮ ስምንት ዓመት ደምሮ 1942 ብሎ ጽፎታል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ብቻ እንደሆነ፣ ስምንት የሚሆነው ከዚያ በኋላ እንደሆነ በጣቷ እየቆጠረች አሳየችን። ፓስፖርቱ 1941 ስለሚል፣ ሁለቱን ወረቀቶች እንዳሉ ብናስገባ ኖሮ አያቴ ሁለት የልደት ቀን ያላቸው ሰው ሆነው ይቀርቡ ነበር።

ሌላውን ሥራ በየተራ አስኬደችው። አጎቴ በሚኖርበት ከተማ የውጭ ዜጎች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ቀርቦ የአያቶቼን ወጪ እንደሚሸፍን የፈረመበትን ሰነድ በስልክ ፎቶ ልኮልን ነበርና ዋናውን ቅጂ እንዲልክ አደረገች። የጉዞ የሕክምና ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍንና ለቆይታችን በሙሉ የሚያገለግል መሆኑን ብቻ ሳይሆን፣ የዕድሜ ገደብ አለው ወይ የሚለውን ከውሉ ጀርባ ካለው ደቃቅ ጽሑፍ ላይ ፈልጋ አነበበች። የወንድ አያቴ ኢንሱሊን ከሐኪም ደብዳቤ ጋር በእጅ ሻንጣ እንዲያዝም ያሳሰበችን እሷ ናት፤ ከአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ከገባ በረዶ ሊሆንና ሊበላሽ ይችላልና።

ከሁሉም ያደነቅኳት ግን በዊልቸሩ ጉዳይ ነው። ሴት አያቴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃ መውጣት አይችሉም፤ ዊልቸር የሚለውን ቃል ሲሰሙ ግን ተቆጡ፤ «እኔ ሽባ ነኝ እንዴ?» አሉ። እኔ ስለ ጤናቸው ሳብራራ አንድም ቃል አልሰሙኝም። እሷ «እማማ፣ እኮ ከሰልፉ ቀድመው ያልፋሉ» ስትላቸው ግን ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው ይሁን» አሉ። ከዚያም የዊልቸር ጥያቄው ሦስት ዓይነት እንደሆነ ነገረችን፦ ደረጃ መውጣት የሚችል ግን ሩቅ መራመድ የማይችል፣ ደረጃ መውጣት የማይችል፣ እስከ መቀመጫው ድረስ ድጋፍ የሚያስፈልገው። ለአያቴ ሁለተኛውን መርጠን፣ ከበረራው ከ48 ሰዓት በፊት በቲኬቱ ላይ መመዝገቡን አረጋገጠችልን። ቦሌ ላይ አውሮፕላኑ ከሕንፃው ርቆ ስለቆመ ይህ ምርጫ የቱን ያህል እንደጠቀመን ያወቅሁት የመሰላሉን ቁመት ሳይ ነው።

አንድ ጠብ ብቻ ነበረን፤ እሱም የቅቤ ጠብ ነው። ሴት አያቴ ለልጃቸው ሦስት ኪሎ ንጥር ቅቤና ቋንጣ አዘጋጅተው ነበር፤ እሷ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከውጭ ወደ አውሮፓ ኅብረት በመንገደኛ ሻንጣ እንደማይገባ በግልጽ ነገረቻቸው። ማር እስከ ሁለት ኪሎ እንደሚፈቀድ ስለነገረቻቸው የጅማ ማር በትልቁ ሻንጣ ሄደ፤ ሽሮውና በርበሬውም አብረው ሄዱ። አያቴ ግን ያን ቀን ከእሷ ጋር ተኮራርፈው ነው የተለያዩት።

አገልግሎቷን ለምትፈልጉ እውነቱን ልናገር፤ ፈጣን አይደለችም። መብራት ሲጠፋ ሥራው ይቆማል፤ ወረፋውም ስለሚረዝም ሁለትና ሦስት ቀን ሊያመላልሳችሁ ይችላል። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማስገባት ስለሚቻል ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ፤ ዋናውን ሰነድ እንጂ ፎቶ ኮፒ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። «ቪዛ አስገኝላችኋለሁ» ብላም አታባብላችሁም፤ እኛን የተቀበለችን «የሚፈቅደውም የሚከለክለውም ኤምባሲው ነው፤ እኔ ወረቀታችሁን ነው የማስተካክለው» ብላ ነው። ዋጋዋንም ሥራው ሳይጀመር ነግራን፣ በመጨረሻ አንድ ብር አልጨመረችም። አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

ከጉዞ በተመለስን ማግስት ሴት አያቴ ያን የቀረ ቅቤ በጣሳ አድርገው ወደ እሷ ላኩኝ። ከክፍያ ውጭ ምንም አልቀበልም ብላ ነበር፤ ስልኩን አውጥቼ አያቴን ሳገናኛት ግን ምን እንዳሏት አላውቅም፣ ጣሳውን ተቀብላ ከጠረጴዛው ሥር አስቀመጠችው።