ጎማ ለማጠፍ ሰርቮ የምትገዙ፣ ስቲከሩን አትመኑ

ጎማው የሚታጠፍ ሞዴል አውሮፕላን ለመሥራት ያሰባችሁ ሁሉ፣ ገንዘባችሁን ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። ጎማውን የሚያጥፈው ማጠፊያና ሰርቮው (በሪሞት ሲታዘዝ ክንዱን አዙሮ ማጠፊያውን የሚገፋው ትንሽ ሞተር) በአንድ ላይ ታሽገው «የተሟላ ስብስብ» እየተባለ በርካሽ የሚሸጥ ዕቃ አለ። ሰርቮው ላይ «ሪትራክት» (ጎማ ማጠፊያ) የሚል ስቲከር ተለጥፎበታል። የደረሰኝን ስመረምረው ግን ለክንፍና ለጭራ የምንጠቀምበት ተራ ሰርቮ ሆኖ አገኘሁት። ሻጩን ስጠይቀው የሰጠኝ መልስ «በሪሞትህ ኤንድ ፖይንቱን ጨምር» የሚል ብቻ ነበር፤ ሰርቮው እስከ የት እንደሚዞር ሪሞቱ ላይ የሚወሰነውን ልክ ማለቱ ነው። ይህን ምክር የተቀበለ ሰው አውሮፕላኑን ሊያጣ ይችላል።

ለጎማ ተብሎ የሚሠራው ሰርቮ ክንዱ 180 ዲግሪ ይዞራል፤ ፍጥነቱ ዝቅ ያለ፣ ጉልበቱ ግን ከፍ ያለ ነው። ከጎማ ሰርቮዎች የተለመደው ዓይነት መሃል ላይ አይቆምም፤ ማብሪያውን ስትነኩት ከአንዱ ጫፍ ተነሥቶ እስከ ሌላው ጫፍ ይሄዳል። ስለዚህ ኤንድ ፖይንት አይነካውም። ጉዞውን የምታስተካክሉት ክንዱን ከማጠፊያው ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ ክንዱ ላይ ወደ ውስጠኛው ወይም ወደ ውጨኛው ቀዳዳ በማዛወር ነው። ተራው ሰርቮ በአንጻሩ ከ1000 እስከ 2000 ማይክሮሰከንድ (የሰከንድ ሚሊዮንኛ) በሚረዝመው የተለመደ የትእዛዝ ምልክት ቢበዛ ወደ 90 ዲግሪ ይዞራል፤ ብዙዎቹ እዚያም አይደርሱም።

ይህ ልዩነት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ማጠፊያው ዘንጉ 20 ሚሊሜትር እንዲሄድለት ቢፈልግ፣ 180 ዲግሪ ለሚዞር ሰርቮ የ10 ሚሊሜትር ክንድ ይበቃዋል። በ90 ዲግሪ ያንኑ ርቀት ለማግኘት ክንዱ ወደ 14 ሚሊሜትር መርዘም አለበት። ክንድ በረዘመ ቁጥር ዘንጉን የሚገፋው ኃይል ይቀንሳል፤ እዚህ ላይ 30 በመቶ የሚጠጋው ይባክናል። የበለጠ የሚያሳስበው ደግሞ የጫፉ ነገር ነው። 180 ዲግሪ ዞሮ ሲያበቃ ክንዱና ዘንጉ በአንድ መስመር ስለሚሰለፉ፣ ከጎማው የሚመጣ ግፊት ሰርቮው ውስጥ ያሉትን የማርሽ ጥርሶች ማዞር አይችልም። 90 ዲግሪ የሚዞረው ላይ ግን ክንዱ ሰያፍ ሆኖ ስለሚቆም ግፊቱን የሚሸከሙት እነዚያ ትንንሽ ጥርሶች ናቸው።

ጉዞው አንድ ሁለት ሚሊሜትር እንኳ ቢያጥር፣ ማጠፊያው ውስጥ ያለው ፒን መቆለፊያው ድረስ አይገባም። አውሮፕላኑን መሬት ላይ ስታቆሙት ጎማው በደንብ የተዘረጋ ይመስላል። ሲያርፍ ይታጠፍና ሆዱ መሬት ይመታል።

ሻጩ እንዳለው ኤንድ ፖይንቱን እስከ ጥግ ከገፋችሁትስ? ማጠፊያው መጨረሻው ላይ ደርሶ ከቆመ በኋላም ሰርቮው መግፋቱን አይተውም። እዝዝ የሚል ድምፅ ያሰማል፣ ይግላል፣ ባትሪ ይጨርሳል። ሁለት ሦስት ሰርቮ አንድ ላይ እንዲህ ሲታገሉ፣ ከስፒድ ኮንትሮለሩ (የአውሮፕላኑን ሞተር ፍጥነት ከሚቆጣጠረው) የሚመጣው 2 ወይም 3 አምፒር ብቻ የሚችል የ5 ቮልት ኃይል ይወርድና ሪሲቨሩ (አውሮፕላኑ ውስጥ ሆኖ የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለው) ሊጠፋ ይችላል። ሪሲቨር ከጠፋ አውሮፕላኑን የሚያዝዘው ሰው የለም፤ የሚወድቀው ደግሞ ሰው ላይ ሊሆን ይችላል። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ከገንዘቡ ይልቅ ይኸኛው ነው።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩ ሰርቮው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲዞር የሚያሳይ ቪዲዮ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። እምቢ ካለ ተዉት። የጉልበት ቁጥሩንም በየትኛው ቮልት እንደተለካ ጠይቁ፤ በ6 ቮልት የተለካውን እያዩ ገዝታችሁ በ4.8 ቮልት ብታሠሩት ያንን ጉልበት አታገኙም።

ዕቃው ሲደርሳችሁ አንድም ብሎን ሳታስሩ ለኩት። ሰርቮውን ወረቀት ላይ አስቀምጡ፣ ሪሲቨሩ ላይ ለጎማው በተመደበው መሰኪያ (ቻናል) ሰኩት፣ ክንዱ የሚቆምባቸውን ሁለቱን ጫፎች በእርሳስ ምልክት አድርጉና በፕሮትራክተር ለኩ። መሃል ላይ መቆም መቻሉ ብቻውን የሐሰት ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ መሃል ላይ የሚቆሙ፣ 180 ዲግሪም የሚዞሩ ዲጂታል ሰርቮዎች አሉ። የሚፈርደው የዞረበት ዲግሪ ነው።

ልኬቱን ካለፈ በኋላም አውሮፕላኑን ማቆሚያ ላይ አድርጋችሁ ጎማውን እጠፉት፣ ዘርጉት። ሁለቱም ጫፍ ላይ ዝም ማለት አለበት። አምፒር መለኪያ ካላችሁ በመሃል አስገቡ፤ ጎማው ከቆመ በኋላ ንባቡ ወደ ዜሮ ካልተጠጋ የሆነ ነገር እየታገለ ነው። የተዘረጋውን ጎማ በእጃችሁ ወደሚታጠፍበት ግፉት፤ ከተነቃነቀ አልተቆለፈም።

በሰርቮ መድከም የማይፈልግ ሰው የራሱ ሞተርና ጥምዝ ዘንግ ያለውን ኤሌክትሪክ ማጠፊያ ቢገዛ ይሻላል። በቀጥታ ሪሲቨሩ ላይ ይሰካል፤ ጫፍ ላይ ሲደርስ መቆጣጠሪያው ራሱ ኃይሉን ያቋርጣል። ለእሱም ቢሆን ከሪሲቨሩ የተለየ ባትሪ ብትመድቡለት እመክራለሁ።

ይህን ስብስብ የገዛችሁ ካላችሁ አትግጠሙት። አንዳንድ ሻጮች የብሎን ምልክት ያለበትን ሰርቮ «ተጠቅመህበታል» ብለው አይመልሱም፤ ማሸጊያውን ሳትጥሉ፣ የለካችሁበትን ቪዲዮ አያይዛችሁ ገንዘባችሁ እንዲመለስ ጠይቁ።