የሰኞ ገበያው ባለ ወናፍ አባባ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ

ሰላም ናችሁ የደሴ ልጆች? ዛሬ የምጽፈው ስለ መጥረቢያ ነው። አትሳቁ።

ሰሞኑን የታናሽ ወንድሜ ሰርግ ነበር። አንድ አይሱዙ ሙሉ የባህር ዛፍ ግንድ አስመጣን። የቅሬያችን ጎረምሶችም ሊፈልጡልን ተሰበሰቡ። ለዚሁ ብዬ ከአንድ ሱቅ አዲስ መጥረቢያ ገዝቼ ነበር፤ እጀታው ቀይ፣ ሲያዩት የሚያምር። ሦስተኛው ምት ላይ ብረቱ ተፈናጥሮ ጎረቤት ቆርቆሮ ላይ አረፈ። ሰው አለመንካቱ አላህ ጠብቆን ነው! የአባቴን አሮጌ መጥረቢያ ደግሞ በጎበዝነቴ በግራይንደር ስዬው ጫፉ ሰማያዊ ሆኗል። ጉጥ ሲነካ ይታጠፋል።

እናቴ "ተነስ፣ ወደ ቀጥቃጩ ውሰድ" አለችኝ።

አባባ ቀዩን አገላብጠው አዩና መለሱልኝ። "ቀለሙ የእንጨቱን መስመር ደብቆታል። መስመሩ እጀታውን ተከትሎ ካልወረደ ይሰበራል። ቀዳዳውም አልሞላም፣ ሽብልቅም የለው።" የአባቴን ሲያዩ ግን ተቆጡ። "አቃጥለኸዋል! ሰማያዊ የሆነ ብረት ለዝቧል ማለት ነው። ማሽን ከተጠቀምክ ቶሎ ቶሎ ውሃ ንከረው።"

ልጃቸው ወናፉን እየነፋ፣ እሳቸው ጫፉን አግለው ቀጠቀጡት፣ ውሃ አጠጡት። ከዚያ መልሰው በትንሹ አሞቁት። ያለዚያ እንደ ሸክላ ይሸራረፋል አሉኝ። በመጨረሻ ሁለቱን ጎን እኩል ሞረዱት።

"እንደ ምላጭ ያድርጉልኝ" ብላቸው "ጺም ልትላጭበት ነው?" ብለው ሳቁብኝ። ለካ ዛፍ መቁረጫና እንጨት መፍለጫ ይለያያሉ። የመቁረጫው ቀጭን ነው። የመፍለጫው ጉንጩ፣ ማለትም ከስለቱ ኋላ ያለው ጎኑ፣ ወፍራም መሆን አለበት፤ እንጨቱን የሚገነጥለው ጉንጩ ነውና። ቀጭኑ ግንዱ ውስጥ ተነክሶ ይቀራል። እኛ ቤት ስንት ዓመት ሙሉ በመቁረጫ ስንፈልጥ ኖረናል!

የወይራ እጀታ አስገቡለት። ሲላላ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ የለመድን ሰዎች ደግሞ አልተሳካልንም፤ እንጨቱ ያብጥና ሲደርቅ ከበፊቱ ብሶ ይላላል። ሽብልቁን ማጥበቅ ነው። መሬት ላይ ሳይሆን ጉቶ ላይ ፍለጡ፣ ድንጋይ ስለቱን ይጨርሰዋል።

የባህር ዛፉ ገና እርጥብ ስለነበር በማግስቱ እስከ ምሳ ተፈልጦ አለቀ። ሲደርቅ ቢሆን ጉድ ፈልቶ ነበር።

አንድ ነገር ይቆጨኛል። ማረሻው፣ ማጭዱ፣ ቢላው ሁሉ ከእነዚህ ሰዎች እጅ ወጥቶ፣ ስማቸውን ግን ለስድብ ስንጠቀምበት ኖርን።

ብትሄዱ ሰኞ ስለሚጨናነቁ ሌላ ቀን ይሁን። "አሁን ያልቃል" ካሏችሁ ሁለት ሰዓት ጨምሩበት፣ ቡና ጠጡ። ዋጋቸው ለቀዩ ካወጣሁት ግማሽም አልሞላም። ቀዩንም ትቼላቸው መጣሁ፤ ብረቱን ለሌላ ነገር ያውሉታል።