ሁለት ቀን ከጉበት ጋር፦ የሐረሩ የላፓሮስኮፒ ልምምድ

የሦስተኛ ዓመት የቀዶ ሕክምና ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የምማር ሐኪም) ነኝ። ሐረር የወሰድኩትን ይህን የላፓሮስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳዎች፣ በካሜራ እየታየ የሚሠራ ቀዶ ሕክምና) ሥልጠና ወድጄዋለሁ። ጠዋት ሸዋ በር አካባቢ ካለ ሥጋ ቤት ትኩስ የበግ ጉበት መጣልን። እንደ ሆድ በሚያገለግል የልምምድ ሳጥን ውስጥ አስቀምጠን፣ ስክሪን እያየን፣ በረጃጅሞቹ መሣሪያዎች ቆረጥን፣ ሰፋን። ጉበት ልፍስፍስ ነው። ክሩን ትንሽ ጠበቅ ካደረግከው ይተረተራል። ይህን ከመጽሐፍ አንብቤው ነበር፤ እጄ የገባው ግን አሁን ነው።

አሠልጣኛችን የፕሪንግልን ዘዴ ደጋግመው አሳዩን። ወደ ጉበት የሚገባውን ደም 15 ደቂቃ ይዞ 5 ደቂቃ መልቀቅ። «አትቸኩል ልጄ» ይሉኝ ነበር።

ቅር ያለኝ፣ ለስድስት ሰው አንድ ሳጥን መሆኑ ነው። ግማሹ ቀን በወረፋ አለቀ። ከሥጋ ቤት የመጣ ጉበት ደግሞ አይደማም። ደም ማቆሙን ቀዶ ሕክምና ላይ ከሲኒየር ሐኪም ጎን ቆመን መልመድ አለብን። ሁለተኛ ሳጥን ከጨመሩ ግን ነገውኑ እመዘገባለሁ።